ብርቱካን የጠየቀችው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ሆሳዕና

ሕይወትንና ሞትን ከባዮሎጂ፣ ከሕግ፣ ከፍልስፍናና ከሃይማኖት አንፃር በየተራ በምናስተምርበት ኮርስ ዛሬ ተረኛው የባዮሎጂው መምህር ነበር። ሰውነት ሲሞት ምን እንደሚሆን ያስረዳል። ተማሪያችን ብርቱካን ከአባቷ ለቅሶ፣ ከዶዮገና የተመለሰችው ትናንት ነው። "ዛሬ ብትቀሪ ማንም አይቀየምሽም" ብያት ነበር። መጣች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ልቤ ተሰቅሏል።

መሃል ላይ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ አባቴ ሊያርፍ ሲል ዓይኑን አልገለጠም። እኔ ግን አናገርኩት። ሰምቶኝ ይሆን?"

"አዎ" ብሎ ቢያጽናናት ደስ ባለኝ። እሱ ግን ማርከሩን አስቀምጦ ወደ እሷ ሄደ።

"መስማት መጨረሻ ላይ ከሚጠፉት አንዱ ነው ይባላል። ሰምቶሻል ብዬ ግን በእርግጠኝነት ልነግርሽ አልችልም። ምን አልሽው?"

"በከምባትኛ ነው ያናገርኩት። ላሞቹ ገብተዋል፣ በሩም ተዘግቷል፣ አሁን ተኛ አልኩት። ማታ ማታ ይህን ሳይጠይቅ አይተኛም ነበር።"

መምህሩ ዓይኑን ጠረገ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ "ይቀጥሉ መምህር" አለችው።

ኮርሱን ትተወዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ስንወጣ "በሚቀጥለው ሳምንት የሕጉ ነው አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። ተመስገን። ባልደረባዬንም ስላልዋሻት አመሰግነዋለሁ፤ እኔ ብሆን እዋሻት ነበር።

አመሻሽ ላይ ዱራሜ ላለው አባቴ ደወልኩ፤ ብዙ ጊዜ አልደውልለትም። "ምን ሆንክ?" አለ ደንግጦ። "ምንም" አልኩት። ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ፤ እስኪጨርስ አዳመጥኩት።