ደጅ ላይ የተቀመጠ ሳህን

ጅቡቲ፣ ሐሙስ ነሐሴ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

በኮሪያ አገር ጥቁር ስጎ የፈሰሰበት ፓስታ በሞተር ሳይክል ቤት ድረስ እንደሚመጣ ዛሬ በስልክ በይፋ ተገልጾልኛል። አላመንኩም። መግለጫውን የሰጠችው ለትምህርት ከሄደች ሦስት ወር የሆናት ታናሽ እህቴ ሂሩት ናት። ወጥቶ መብላት የተወ ሰው ጤነኛ አይደለም። ልጅቷ ታማለች፤ ከእኔም ደብቃለች።

«ከበላሽ በኋላስ ሳህኑ?» አልኳት።

«ደጅ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መጥተው ይወስዱታል።»

እኔ እዚህ ካርቲየ 4 ሰፈር እንዲህ ባደርግ የሰፈሩ ፍየሎች ይልሱታል፤ የተረፈውን ሳህን ጎረቤቴ ይወርሰዋል።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ አሞሻል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ደህና ነኝ! ይልቅ ስማኝ። ባዶ ሳህን መመለስ አሳፈረኝና አጥቤ ዳቦ አስቀመጥኩበት። ሳህኑን ሊወስድ የመጣው ሰውዬ አንኳኳና ‹ረስተሽዋል› ብሎ በምልክት መለሰልኝ። እኔም መልሼ ሰጠሁት። እንዲህ ሦስቴ ተገፋፋን።»

«ከዚያስ?»

«ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ በላ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ቆረስኩ። እዚህ ከመጣሁ ከሰው ጋር ስበላ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

እርማት፦ ከላይ «ታማለች» ተብሎ የተመዘገበው በስህተት ስለሆነ «ብቻዋን ናት» ተብሎ ይነበብ።