ማደግ የፈራችው ልጅሽ

ውድ እህቴ እትዬ ለተጊዮርጊስ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው? ወባው ዘንድሮ ጋብ ብሎልሻል ወይስ አሁንም በየታማሚው ድንኳን ስትዞሪ ይመሽብሻል? ውኃውንስ አፍልተሽ ነው የምትጠጪው? ለሰው የምትመክሪውን ለራስሽ ማድረግ እንደምትረሺ ስለማውቅ ነው የምጠይቅሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባባም ከጉልበታቸው በቀር ደኅና ናቸው። ናፍቆትሽ ግን ቤቱን ሞልቶታል። ማታ በሩ ሲንኳኳ ሦስታችንም እኩል ቀና እንላለን፤ ከዚያ መልሰን እናቀረቅራለን።

በሹፌሩ በአቶ ዱጋሳ እጅ የላክሽው ደብዳቤና ሰሊጥ ደርሶናል። ለስድስት ወር ብለው ወደ ፓዌ ሰፈራ ጣቢያ ከላኩሽ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። የዝውውር ጥያቄሽ እስካሁን መልስ እንዳላገኘ የጻፍሽውን ለብቻዬ አነበብኩት፤ ለአባባና ለልጅሽ ለውዴ ሳነብላቸው ግን ያንን መስመር ዘለልኩት።

ስለ ውዴ በሰፊው ጻፊልኝ ብለሽ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው። አትደንግጪ፣ በሽታ የለባትም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው።

ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት እየወጣች ትቆማለች፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትቆማለች። ያቺ ከኅብረት ሱቅ ስኳር ተሸክማ እየሮጠች ትወጣ የነበረች ልጅ ትከሻዋን ወደ ፊት አጥፋ እንደ አሮጊት መሄድ ጀመረች። ከልጆች ጋር ገመድ መዝለልም ተወች። ሳምባ ነው ብዬ ፈራሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት አለቀሰች። አባባ "መጀመሪያ ጠበል ትጠመቅ" ሲሉ ግን ወዲያው እሺ አለች። እንዲያ ቶሎ እሺ ማለቷ ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። በሴቶቹ በኩል የሚያስተናግዱት እማሆይ እንደ ልማዳቸው "የወር አበባ ላይ ያለሽ እንዳትገቢ" አሉና ወደ ውዴ ዘወር ብለው "አንቺስ ልጄ?" አሏት። እኔ ቀደም ብዬ "ኧረ ገና ልጅ ናት፣ እማሆይ" አልኩ። "እሷ አፍ የላትም? የጠየቅሁት አንቺን መሰለሽ?" አሉኝ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ውዴ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ደም የሚፈሳት ሰው ማለታቸው ነው? እኔ እኮ ይፈሰኛል። የመጣሁትም እንዲያቆምልኝ ብዬ ነው" አለችኝ። እማሆይ ሰምተው ኖሮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በይ ይዘሻት ውጪና ንገሪያት። ስትጸዳ ትመጣለች፤ ጠበሉ የትም አይሄድም" አሉኝ።

ከቅጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አቅፌ ላባብላት ስል እጄ ጀርባዋ ላይ ቋጠሮ ነካ። ለካስ አቡጀዴ ቀድዳ፣ ደረቷን ከቀሚሷ ሥር እንደ ቁስል ጠምጥማው ኖሯል። ማሰር የጀመረችው ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ነው። ደሙ ሲመጣባት ደግሞ "ከላይ ስላፈንኩት በታች ወጣ" ብላ አሰበች፤ ግን አልፈታችውም። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት "አንቺ መቼ እንዲህ ያለ ነገር አውርተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሳለ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እናታችን ይህን ነገር አንስታ አታውቅም ነበር፤ እኔ እንደ ውዴ ሳለሁ ጓሮ ወስደሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ ያልሽኝን እያስታወስኩ፣ ባንቺ አነጋገር ነገርኳት። በሽታም ኃጢአትም እንዳልሆነ ነገርኳት። ማሕፀን በየወሩ ለፅንስ እንደሚሰናዳና ፅንስ ሳይኖር ሲቀር ያሰናዳውን እንደሚያወርደው ነገርኳት። አንዱ ጡት ከሌላው ቀድሞ ቢያድግ፣ ቢያማትም እንዳትሰጋ፣ ጨርቁንም በሳሙና አጥባ ፍራሽ ሥር ሳትደብቅ ፀሐይ ላይ እንድታሰጣው፣ ሆዷን ሲቆርጣት ሞቅ ያለ ነገር እንድትይዝበት መከርኳት። "ፀጉሩስ?" አለችኝ። እሱንም ነገርኳት። "ላንቺም ይመጣል? ለእማዬም?" ስትለኝ ለሁላችንም አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ለእማሆይም?" አለች። "ድሮ ይመጣላቸው ነበር" ስላት ሳቀች። ሳቋ ያንቺው ነው።

የደሙ ነገር በዚህ አለቀ። ደረቷን ፍቺ ስላት ግን እንቢ አለች። ለምን ብላት "እማዬ ስትሄድ በአውቶቡሱ መስኮት 'ሳታድጊብኝ እመጣለሁ' ብላኛለች። ካደግኩ ጊዜው አለፈ ማለት ነው፤ አትመጣም" አለችኝ። እትዬ፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። የምትለይ እናት ሁሉ የምትለው ነውና ወዲያው ረሳሁት። እሷ ግን እንደ ውል ይዛው ኖራለች። የጻፍኩልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ሄዳችሁ ሥሩ ሲሏችሁ መመለሻውን የነገራችሁ የለም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ጂቱ ከአሮጌ የውስጥ ልብስ ጥሩ የጡት መያዣ ሰፍታላታለች። ስትሰጣት "በማሰር የሚቆም ከሆነማ ዝናቡንም እሰሪልኝ፣ ልብሴ አልደርቅ ብሎኛል" አለቻት። ውዴ ስቃ ተቀበለቻት፤ አጥፋም ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። እኔ ስለምናት አቡጀዴውን ጥቂት አላላችው፤ ትንፋሿም ትንሽ ተሻላት። መፍታቱን ግን እስከ ዛሬ አልፈታችውም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ጊዜ ባይኖርሽ ለእኔ አትጻፊ፣ ለእሷ ግን በራስሽ እጅ ጻፊላት። እደጊ በያት። አድገሽም እመጣለሁ፣ ቁመትሽ ከቁመቴ ቢበልጥም አውቅሻለሁ በያት። የአካሏን ነገር እኔ ነገርኳት፤ የጎደለ ካለም ወይዘሮ ጂቱ ትሞላልኛለች። ይህን ግን እኔ ብዬው አላመነችኝም፤ ካንቺ ሌላ ከማንም ብትሰማው አታምንም።

አባባ "የልጄን ነገር ለየካ ሚካኤል ሰጥቼዋለሁ" ብለው ግንባርሽን ስመውሻል። ወይዘሮ ጂቱ የሰሊጡን ድርሻዋን ወስዳ፣ ምስጋናዬን ጻፊልኝ ብላለች። እኔም እዚያ አብራሽ ለምታድረው ለጫልቱ ሰላም ብያለሁ፤ ውኃ አፍልተሽ መጠጣትሽን እሷ ትቆጣጠርልኝ።

ውዴ አሁን ማዶ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ምን እንደጻፍኩልሽ አታውቅም። ላንቺ የምትይው አለሽ ወይ ብላት ቀና ሳትል "ደኅና ነኝ፣ እንደ ተውሽኝ ነኝ በያት" አለችኝ። እንዳለችው ጽፌልሻለሁ።

ናፋቂ እህትሽ
የማርያምወርቅ አካሉ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ግንቦት ፲፫ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.