ናሁሰናይ ያስፈረመን ወረቀት

ይድረስ ለወንድሜ ለአፈወርቅ፣ ጅማ።

የጋራ የሳር መሬታችንን ጓሳን ለችካል የዳረገው ልጅህ ናሁሰናይ ነው። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ኋላ ልቤ እንዳይራራ ብዬ ነው። አሁን እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? ሚስትህ ጠጄስ ከጉንፋኗ ዳነች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ሚካኤል ይመስገን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ምርጫ ስለደረሰ በሕዝብ ፊት ተሳስቼ ነው በይና ልጁን አድኚው ትለኛለህ።

አንተ ወደ ጅማ ስትሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መምህር ሆነልኝ። በሃያ ሰባት ዓመቱ ለክልሉ ምክር ቤት ሲወዳደር ደጅ ለደጅ እየዞርኩ ምረጡልኝ ያልኩ እኔ ነኝ። ተመረጠ፤ መጀመሪያ ደህና ነበር። ስለ ድልድያችን ሲናገር በሬዲዮ ሰምተን እልል አልን፤ ድልድዩም ተሠራ፣ አልክድም። ቆይቶ ግን ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት እጁን ማውለብለብ ጀመረ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ተሰብስበን ሳለ ወረቀት ይዞ መጣ። ውሃ እንዲገባልን የምንጠይቅበት ነው አለ። እኔ ያኔ ፊደል አልለይም ነበር፤ ከሁሉ ቀድሜ አሻራዬን አኖርኩ። ያሳደገችው ካኖረችማ ብሎ አርባ ሰው ተከተለኝ። ወር ሳይሞላ አባቶቻችን ዘግተው ያቆዩትን፣ ቀን ቆርጠው ለሁሉም እኩል የሚከፍቱትን የጓሳ ሳር ሰዎች መጥተው በችካል ከለሉት። ብንጮህ ፈርማችኋል አሉን። ጎረቤቴ አያልነሽ ክዳን የሚሆን ሳር አጥታ ክረምቱን ሙሉ ቤቷ ሲያፈስ ከረመ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

በስልሳ አንድ ዓመቴ ሀ ሁ ብዬ ጀመርኩ። የቄስ ወልደ ጻድቅ ልጅ አመተሥላሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ታስቆጥረኝ ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ስብሰባ ላይ ናሁሰናይ ያንኑ ወረቀት እያውለበለበ ራሳችሁ የፈረማችሁት ነው ሲል፣ ተነሥቼ ስጠኝ አልኩት። ሳቀና፣ እታታ፣ ዳዊት ልትደግሚ ነው ወይ አለኝ። ዳዊቱ ይቆየኛል፣ መጀመሪያ ያንተን ልድገም አልኩት። እየተንተባተብኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ውሃ የሚል ቃል የለበትም። የሳር መሬቱ ለባለሀብት እንዲሰጥ ተስማምተናል ይላል፤ ከሥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የኔ ስም ነው። የሳቀ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ሽማግሎቹ እየመሩን ችካሉን ነቀልነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የተሳሳትኩት ያኔ በዝክሩ ነው እንጂ እሑድ ለት አይደለም። ሽማግሌ ቢልክ፣ አንተም ብትለምነኝ ቃሌን አላጥፍም። ሃምሳ ሰው ፊት ያነበብኩትን አላነበብኩም ልበል?

ጠጄን ሳምልኝ። ልጅህ ትርሲት ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ንገራት፤ ወንድሟን አብነትንም አክስትህን ናፍቀሃታል በለው። ናሁሰናይ ቤቴ ቢመጣ ልጄ ነውና አበላዋለሁ፣ መደብ ላይ አነጥፍለታለሁ። ከእንግዲህ ግን ለሱ ብዬ የማንንም ደጅ አላንኳኳም።

እህትህ ይዘንጋሽ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት።
መንዝ፣ ከጓሳ ሥር፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.