ሪባኑ ሲታጠፍ

ልጄ፣ የሄድሽበት አገር የእናት ቤት ይሁንልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔም ስፌቱን አልከለከለኝም።

ልጅሽ ግን ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ፣ «አያቴ፣ ሁለተኛ አልሄድም፤ ልጆቹ ደደብ አሉኝ» አለች። ለካ 0.25 ከ0.5 ይበልጣል ብላ ኖሯል። «ሃያ አምስት ከአምስት አይበልጥም እንዴ?» አለችኝ።

አልተከራከርኳትም። አንድ ሜትር ሪባን ሰጠኋት። አንዴ ስታጥፈው ግማሹ 0.5፣ ደግማ ስታጥፈው ሩቡ 0.25 መሆኑን ከመጽሐፏ አነበብኩላት። ሩቡን ትክ ብላ አየችውና፣ «ታዲያ ይሄ ድንክ ሃያ አምስት የሚያህል ቁጥር ምን ያደርግለታል?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

ዛሬ «ደደብ ያሉኝን ላስተምራቸው» ብላ ሪባኑን ይዛ ሄዳለች።

ስትደውዪ ውጤቷን ሳይሆን ሪባኑን ጠይቂያት። ብትሳሳትም አትቆጫት፤ ልጅ ሳለሽ በተሳሳትሽ ቁጥር እቆጣሽ የነበርኩትን እኔን አትምሰዪ። ደጅሽ በሰላም ይከፈት፣ በሰላም ይዘጋ።

እናትሽ