የቤት መኪና ነው ያልኩህ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን ልጠይቅ። እንዴት ነህ? በጣም እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ደረጃ ስትወጣ አሁንም ማርሽ እንደሚቀይር ሰው መሃል ላይ ትቆማለህ? የግራ ጆሮህ እንዴት ነው? የቀኙስ ጓደኛውን ማገዙን አላቆመም? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ይበላልሃል? አክስቴን አልጠይቃትም፤ እሷ «ደኅና ነው» እያለች ትሸፍንልሃለች። ራስህ በእጅህ ጻፍልኝ።

እኔ ጤናዬ ደኅና ነው። ወገቤን አልፎ አልፎ ይይዘኛል እንጂ አልጋ ላይ የሚጥል ነገር የለብኝም። ናፍቆቱን ግን ምን ብዬ እንደምጽፍልህ አላውቅም። ከሥራ ገብቼ በሬን ከዘጋሁ በኋላ እስከ ማግሥቱ የራሴን ድምፅ የማልሰማበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንዴ ጉሮሮዬ መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል እስላለሁ። ሳለች ብለህ ደግሞ ለጉንፋኔ መድኃኒት ልላክ እንዳትል።

ይህን ደብዳቤ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው። ለእህቴ ባል አትስጠው። መምህሩ የኔን ጽሑፍ ሲያነብ ፊደሌን እያረመ ነው የሚያነበው፤ ዛሬ ደግሞ ጉዳያችን የፊደል ጉዳይ ነው።

ባለፈው እህቴ ስትደውልልኝ እየሳቀች ነበር የጀመረችው። አባባ ግንበኛ ጠርቶ የግቢውን በር እያሰፋ ነው አለችኝ። ለምን ብላት፣ ላንቺ መኪና ነዋ፣ ለቤት መኪና ልገዛ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ ብላ ተገረመችብኝ። ልጄ መኪናዋን ይዛ ልትገባ ነው ብሎ ለሠፈሩ ሁሉ ተናግሯል፣ ከበሩ ጎን ያለችውን የድንጋይ መቀመጫውን ሳይቀር አስነሥቷታል አለችኝ። እሷ ትስቃለች፣ እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ።

አባባ፣ እኔ ያልኩህ «የቤት መኪና» ነው። የጭነት ያልሆነ፣ የሕዝብ ያልሆነ፣ ሰው ለራሱ የሚነዳው። አንተ የሰማኸው «ለቤት መኪና» ነው። በዚያ በሚቆራረጥ መስመር፣ በዚያ የጭነት መኪና ሞተር በበላው ጆሮህ «የ» ገብታ «ለ» ሆና ወጣች። በአንዲት ፊደል በር ፈረሰ። እውነቱን ልነግርህ ደጋግሜ ደውዬልህ ነበር፤ አንተ ግን ስልኩን እንዳነሣህ የበሩን ስፋት በክንድ መለካት ትጀምራለህ፣ የኔ ምላስ ይታሰራል። ስለዚህ በስልክ የተበላሸውን በጽሑፍ ላቃናው። መኪናዋ እዚሁ፣ ሰው አገር ናት። እኔም ለጊዜው እዚሁ ነኝ።

ተቆጣ። ከተቆጣህ በኋላ ግን እንዴት እንደመረጥኳት ስማኝ፤ ዕድሜህን ሙሉ ሾፌር ሆነህ ይህን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስድህም።

የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ከከተማው ዳር ወዳለ መጋዘን ተዛወረ። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የምንተኩስበት ማሽን ትልቅ ስለሆነ የድሮው ቤት ጠበበው። አውቶቡሱ ደግሞ ከዋናው መንገድ አይወርድም። ከዚያ ወዲያ ያለው ኮረኮንች ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሳይዘንብ አቧራ። በእግሬ ስሄድ ከባድ መኪኖች በአጠገቤ ሲያልፉ ቀሚሴ ወደ ነጂው ሊሄድ ይነሣል። ዝቅ ያለች መኪና እዚያ መንገድ ላይ ሆዷን ትፈጫለች። ስለዚህ ከፍ ያለች፣ ኤስዩቪ የሚሏት ዓይነት፣ ግን መካከለኛ፣ ነዳጅ እንደ ውኃ የማትጠጣ፣ ያገለገለችና አቅሜ የሚችላት ትሁን አልኩ። አዲሶቹንማ ከመስታወት ውጭ ሆኜ ነው የማያቸው።

መጀመሪያ የሄድኩት ያገለገሉ መኪኖች ሜዳ ላይ ወደተደረደሩበት ቦታ ነው። ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ሻጩ ከረባት ያሰረ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ነው። ቤተሰብሽ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሰባት ነን አልኩት፣ አፌን ሞልቼ። እናንተን ቆጥሬ፣ ራሴን ጨምሬ። ደስ ብሎት ባለ ሰባት ወንበሮቹ ወደቆሙበት ወሰደኝ። ቤተሰቡም መጥቶ ይይ እንጂ ቢለኝ ሥራ ላይ ናቸው ብዬው አረፍኩ።

አንዲት ነጭ መኪና አሳየኝ። ስታያት ሙሽራ ናት፤ ውስጧ ግን ሽቶ ሽቶ ይላል። ልጅ ሆኜ ጋቢና አስቀምጠህ «ረዳቴ» እያልክ ስትወስደኝ፣ ሽቶ የተረጨበት መኪና ሲያጋጥምህ ምን ሊደብቁ ነው ትል እንደነበር ትዝ አለኝ። የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ከመጠቅለያው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ያለበት ወጣ። መኪናዋ ጎርፍ ውስጥ ዋኝታለች። ሻጩ ምንም ሳይደነግጥ፣ ይህማ ተራ እድፍ ነው፣ በሳሙና ይለቃል አለኝ። ሳቄን ውጬ ወጣሁ፤ ስለ እድፍ ለኔ!

ሁለተኛዋ አንድ መካኒክ ጓሮ ውስጥ ነበረች። ከቀጠሮው ቀደም ብዬ ደርሼ እንደ ቀልድ እጄን ኮፈኑ ላይ ባሳርፍ ትኩስ ናት። እኔ ሳልመጣ አሙቋታል። የሞተር ጠባይ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሣ መሆኑን ካንተ ስለሰማሁ፣ ቀዝቅዛ ልያት፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ አልኩት። ሰውየው ሥራ አለብኝ፣ ጓሮውን ልዘጋ ነው አለኝ። እኔም እግዜር ይስጥህ ብዬ ወጣሁ። በጣም የከፋኝ ግን ስመለስ ነው። ይህን የመሰለ ወሬ ይዤ ቤቴ ገብቼ የምነግረው ሰው አጣሁ። አብራኝ አንሶላ የምትተኩሰው ሴትዮ ጥሩ ሰው ናት፤ ሆኖም ማሽኑ ሲሠራ አንሰማማም፣ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ወደ ልጆቿ ትሮጣለች።

ሦስተኛዋን ያገኘሁት አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ነው። ግራጫ ባለ ሰባት ወንበር ናት፤ አንድ በሯ ተጭሯል፣ ዕድሜዋንም አትደብቅም። ኮፈኗ ቀዝቃዛ ነው። ሳስነሣት ትንሽ አጉረመረመችና ረጋች። ማርሚታዋ ጭስ አይተፋም፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ጎማዎቿ በእኩል አልቀዋል። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ድሮ ሕፃን የለጠፋት ወረቀት ቢራቢሮ ግማሽ ክንፏ ተልጦ ቀርታለች። አንተ ጥሩ ናት ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ ለምን ትሸጣታለህ ብለሽ ጠይቂ ትለኝ ስለነበር እንደዚያው ጠየቅሁት። ሚስቱ አርፋለች፣ ልጆቹም ርቀዋል። ባዶ ወንበር ማመላለስ ሰለቸኝ አለኝ።

ከዚያ እሱም በተራው፣ እናንተስ ስንት ናችሁ ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ሰው ፊት ሰባት ማለት አቃተኝ። አንድ ነኝ አልኩት። ሽማግሌው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ለአንድ ሰው ይህቺ ትበዛብሻለች፣ ትንሽ ፈልጊ፣ ነዳጅም ትቆጥቢያለሽ ብሎ ይለምነኝ ጀመር። ሻጭ ሆኖ አትግዢ የሚል ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ተከራክሬ፣ ተከራክሬ ገዛኋት።

ይዣት ስመጣ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ቆሜ፣ አዲስ መኪና የገባለት ሰው እንደሚያደርገው፣ ረጅም ክላክስ አደረግሁ። አንድ ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ፣ መንገድ የዘጋሁ መስሎት አየኝና መልሶ ዘጋው። እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ አጥቼ መሪዋን ይዤ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሃለሁ።

በማግሥቱ ድንች በጆንያ ገዝቼ ጋቢና አስቀመጥኩት። ገና ስነሣ መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች። ተበላሸች፣ ያ ሽማግሌ ጉድ ሠራኝ ብዬ ዳር ይዤ አቆምኩ። ለካ ሰው የተቀመጠ መስሏት ቀበቶ ይታሰር ማለቷ ነው። ድንቹን ወደ ኋላ መወርወር እችል ነበር። ቀበቶ አሰርኩለት። ከዚያ ወዲህ ለወጥ የምፈልገውን እየቀነስኩበት እዚያው ተቀምጧል። መታጠፊያ ላይ በስተቀኝ መንገዱ ነፃ ነው ወይ እያልኩ እጠይቀዋለሁ። መልስ ባይሰጥም በደንብ ያዳምጣል፤ በዚህ ከመምህሩ ይሻላል።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። አባባ፣ ስለ በሩ ሳይሆን ስለዚያች ድንጋይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እማዬ በሕይወት ሳለች አመሻሽ ላይ አብራህ የምትቀመጥባት ናት። እሷ ካረፈች በኋላም አንተ ጥጉን ይዘህ ቦታዋን ትተውላት እንደነበር አይቻለሁ። ያቺን ድንጋይ ለኔ ብለህ አስነሣህ። ግንበኛውን መልሰህ ጥራው፣ እባክህ፣ ከሰፋው በር ጎን ባለው ቦታ ያቁምልህ። ሲመሽ ቆመህ አትጠብቅ፤ ጉልበትህ አይችልም።

በሩን ግን አታጥብበው። ጆሮህም እኮ ያን ያህል አልተሳሳተም። ያንን ሁሉ ሜዳ ስዞር፣ አንዲት ነፍስ ይዤ ባለ ሰባት ወንበር የፈለግሁት ኮረኮንቹ አስገድዶኝ አይደለም። እያንዳንዷን ወንበር ሳይ ማን እንደሚቀመጥባት አስቀድሜ አውቀው ነበር። አፌ «የ» ይበል እንጂ ሆዴ «ለ» እያለ ነበር። አለቃዬን ረጅም ፈቃድ ብጠይቃት ቦታሽን አልጠብቅልሽም አለችኝ፤ እኔም ገና መልስ አልሰጠኋትም። ቀን አልቆርጥልህም። ቀን ቆርጬልህ ሌላ ነገር እንድታፈርስ አልፈልግም። የምመጣ ቀን የምገባው በእግሬ ነው፣ አንድ ሻንጣ ይዤ። ለዚያም ሰፊ በር እፈልጋለሁ።

ሰላምታዬን በየወንበራችሁ አድርስልኝ። አክስቴን መካከለኛው ረድፍ ላይ በመስኮት በኩል አስቀምጬ ስሜያታለሁ፤ መስኮት ካላገኘች ያጥወለውላታል። እህቴን ከጎኗ፤ ያን ዕለት የሳቀችብኝን ይቅር ብያታለሁ በላት። መምህሩን በወዲያኛው መስኮት፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊደል እያረመ ይሂድ። ልጆቻቸውን፣ ትልቋንና ሚጣን፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ፤ በቢራቢሮዋ በኩል በየተራ ይቀመጡ፣ እንዳይጣሉ። አንተ መሪው ላይ ነህ። ሌላ ሰው ሲነዳህ እግርህ ፍሬን እየፈለገ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁና አልከራከርህም።

ድንቹን አንሥቼ፣ ጋቢና እኔ እቀመጣለሁ።

ረዳትህ

ከምኖርበት ፎቅ ሥር፣ ከቆመችው መኪና ውስጥ
እሑድ፣ ጥር ፲፯ ቀን