የፕላስቲኳ ወፍ የማን ድርሻ ናት

ለታናሽ ወንድሜ ለቢላል ጀማል፣
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የአዲስ አበባ ብርድ አሁንም ያስልሃል? ምግቡስ ተስማማህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ከናፍቆትህና ከእኔ ቅናት በቀር ደኅና ነን። አዎ፣ ቅናት ብያለሁ፤ ተቀይሜሃለሁም።

ከሙዚቃ ትምህርት ቤትህ የላክኸው ኖታ ደርሶናል። የቫዮሊኑ ደጋን የት ወደ ላይ፣ የት ወደ ታች እንደሚሳብ ከየመስመሩ በላይ በእርሳስ ምልክት አድርገህበታል። የቫዮሊን ቡድናችን አሠልጣኝ ጋሽ ጌታቸው ካዩት ወዲህ ስምህ ከአፋቸው አይጠፋም። በየልምምዱ ቢላል እንዲህ ነው ያለው ይሉናል። ከጊደር መጋላ ገበያ በተገዛ የአሻንጉሊት ቫዮሊን ደጋን አያያዝ ያስተማረችህ ማን እንደሆነች ግን አንድም ቀን አያነሱም።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። በመጪው ሸዋል ኢድ ይህን ሙዚቃ ለእንግዶች ቤታችን ስናቀርብ፣ አንተ ትቀመጥበት የነበረውን የመጀመሪያ ቫዮሊን ቦታ ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ለጓደኛችን ለብሌን ሰጧት። ለእኔ የተረፉኝ በዜማው መሐል የሚገቡት የልጆች መጫወቻዎች ናቸው፤ አንድ የሕፃን ቃጭልና ውሃ ሞልተው ሲነፏት የምትንጫጫ የፕላስቲክ ወፍ። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ ለካ አንተ ነህ በስልክ "ዋፊቃ ምት አትስትም፣ መጫወቻው ለእሷ ይሁን" ያልካቸው። በቤታችን በቀዩ ባለ እርከን መደብ፣ በነደባው ላይ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። ታናሽ ለታላቁ ቦታ ሲመድብ የት አይተሃል?

ባለፈው እሑድ ልምምዱ እኛ ቤት ሆነ። እናታችን ሰው እንደ ዕድሜው ካልተቀመጠ ደስ አይላቸውምና ተጫዋቾቹን በየእርከኑ ደለደሏቸው፤ ታላላቆቹን ከላይ፣ ታናናሾቹን ከታች። ደጋኑ በረጅሙ እንዲሳብ ምልክት ያደረግህበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አብዱልፈታ ደጋኑን ወደ ታች እስከ ጫፉ ቢስበው፣ ከእግሩ ሥር የተቀመጠውን የዑስማንን ቆብ ጣለው። ብሌን ስትሸሽ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የስንደዶ ስፌት አወረደችው። እኔ ወፏን እየነፋሁ ስለነበር ሳቄ መጥቶ ውሃው በአፍንጫዬ ወጣ።

ጋሽ ጌታቸው አቀማመጡን ልቀይር ቢሉ እናታችን "መደቡ ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ የእንጨቱን አሳሳብ ቀይሩ" አሏቸው። ያን ጊዜ እርሳስና ላጲስ ይዤ ተነሣሁ። ረጅሙን የደጋን ስበት ሁሉ ለሁለት፣ ለሦስት ከፋፍዬ አሳጠርኩት። ምልክትህን ሳጠፋ ደስ አለኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እንደገና ሲጫወቱ ማንም ማንንም አልነካም። ጋሽ ጌታቸውም ያሳጠረችው ትምራ ብለው የመጀመሪያውን ቦታ ሰጡኝ። ብሌን ከጎኔ ናት፣ አልከፋትም።

መጫወቻው ግን ሰው አጣ። ምት የማይስት ሌላ ታውቂያለሽ ወይ ቢሉኝ፣ አውቃለሁ አልኳቸው። ስለዚህ ለሸዋል ኢድ ስትመጣ ቫዮሊን አትሸከም። ቦታህ ከታችኛው መደብ፣ ከበሩ አጠገብ ነው። ወፏን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።

አባታችን መርቀውሃል። እናታችን ዘይነባ ወፍራም ልብስ ልበስ ይሉሃል። አክስታችን ሐሊማ ደውልልኝ ብላለች። ትንሿ እኅታችን ናፊያም በጣም ሰላም ትልሃለች፤ ወፏን ግን አልሰጠውም ብላ እያለቀሰች ነው።

የምትቀናብህና የምትናፍቅህ እኅትህ
ዋፊቃ ጀማል
ሐረር፣ ጀጎል
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.