እየወረደች የምታድር ብስክሌት

ሰኔ 14 ቀን 77
ዛሬም ብስክሌቴን ለማለፍ ጎኔን አዙሬ ገባሁ። ሆዴ ገፍቷል፤ ቤቱ አንድ ክፍል። ባሌ ገመቹ ከት/ቤት እንደመጣ ነገሩን አነሳው። እናቱ ሊያርሱኝ ከወንጪ ይመጣሉ፤ የሚተኙበት የለም። ብስክሌቷ ትሸጥ ባይ ነው። የአዲስ ዓለሙ ነጋዴ ይገዛል አሉ። ያለ እሷ የገጠር ክትባት ሥራ አይሰጡኝም፤ ጤ/ጣቢያው ካርድ ክፍል ይወሽቀኛል። የመስከረም ሜዳ፣ ቁልቁለቱ፣ ነፋሱ ነጠላዬን ሲነፋው... ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ፦ አልሸጥም።

ሰኔ 17
ተጋድሜ ኮርኒሱን ሳይ መጣልኝ። ከላይ ያ ሁሉ ባዶ ቦታ! ብስክሌቷ ብትሰቀልስ? ለገመቹ ነገርኩት፤ ሳቀ። ኋላ ግን ወንበር ላይ ወጥቶ ነካካው። በኖራ የተቀባ ጆንያ ነው፤ ድመት እንኳ አይችልም። ቀዶ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ማሰር አለበት።

ሰኔ 21
አማቴ አደ ጫልቱ ደረሱ። ዕቃቸው በፈረስ፣ በጠፍር መጫኛ ታስሮ። ገመቹ መጫኛውን ወስዶ ወራጁ ላይ በሁለት በኩል አዞረው። ጫፉ ላይ ከቁራጭ ፌሮ ብረት ያጣመመው መንጠቆ፤ አንዱ መሪዋን ያዘ፣ አንዱ ኮርቻዋን። ጎተትን። ወጣች! የአደ ጫልቱ ፍራሽ ልክ ከሥሯ። ቀና ብለው አዩና ፈረዱ፦ ዳግም መሬት ከነካች ትሸጣለች።

ሐምሌ 3
ወለድኩ። ሴት። ተኝቼ ወደ ላይ አያለሁ። ጎማዋ በሽውታ ቀስ ብሎ ይዞራል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ደመና ላይ እነዳለሁ። ልጄ ደረቴ ላይ፣ አምቦ ከተማ ከታች፤ ቆርቆሮዋ ብቻ ያብለጨልጫል። ማንም አይጠራኝም።

ሐምሌ 9፣ ጧት
ጉድ! ወርዳለች። ዝናቡ ሲወርድ አደረ፤ ጣሪያው አፍስሶ መጫኛውን አራሰው። ርጥብ ጠፍር ለካ ይለጠጣል። ለወለሉ አንድ ክንድ ቀርቷታል። አደ ጫልቱ በክንዳቸው ለክተው አረጋገጡ። ገመቹ አሳጥሮ አሰራት።

ሐምሌ 12
ዛሬም ወርዳለች፤ የፊት ጎማዋ መሬት ነክቷል። አደ ጫልቱ አስጠርተውት ነጋዴው ነገ ይመጣል። ከሰዓት ልጄ አለቀሰች፤ ማንም አልቻላትም። አደ ጫልቱ ከፍራሹ ሳይነሱ እጃቸውን ሰደድ አድርገው የኋላውን ጎማ ገፉት። ጢክ ጢክ ጢክ... ልጅቷ ዝም። ደግመው ገፉት። ተኛች። እኔም አብሬ።

ሐምሌ 13
ነጋዴውን ከበር የመለሱት እሳቸው ናቸው። የሕፃኗ ናት፣ አትሸጥም ብለው። በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ከፋኝ። የሕፃኗ? የእኔስ? ጧት ሲነሱ ብስክሌቷን እንደ ሰው «አካም ቡልቴ?» ይሏታል፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። አሁን ማን ደፍሮ ያወርዳታል?

ሐምሌ 20
ለአደ ጫልቱ ነገርኳቸው። ክረምቱ ሲወጣ አወርዳታለሁ፣ ሥራ እገባባታለሁ። ቆርጫለሁ። ለቁጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ጎማውን አንዴ አዙረው እስኪቆም አዩት። ከዚያ ገመቹ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከኋላዋ ሰው ትጭን እንደሆነ ጠየቁኝ።